ጠይቂ፣ እህቴ

ወደ ቤሩት የምትሄድ ልጅ ሻንጣዋ ሳይዘጋ ምክሩ ይዘንብላታል። እናትም፣ አክስትም፣ ጎረቤትም የሚሏት አንድ ነው፦ «ቻይው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።» ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነውና አልንቀውም። ፉርን ኤል ሸባክ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ በኖርኩባቸው ዓመታት ያየሁት ግን ሌላ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ችላ ብቻ ሰው አትሆንም፤ መጠየቅም መልመድ አለባት።

ፉርን ኤል ሸባክ የድሮው የደማስቆ መንገድ የሚያልፍበት ሰፈር ነው። በፈረንጆቹ ከ1975 እስከ 1990 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ቤሩትን ለሁለት የከፈለው መስመር ከዚህ ሩቅ አልነበረም። አሁን ግራ ቀኙ ሱቅ ነው። ጠዋት የማዳምን ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሰው፣ ውሻ የምታንሸራሽረው፣ ሰገነት ላይ ምንጣፍ የምታራግፈው ብዙ ጊዜ ያገሬ ልጅ ናት። ከሰገነት ወደ መንገድ በአማርኛ «እንዴት አደርሽ?» ይባባላሉ። እሑድ የዕረፍት ቀን ያላት ወደምንገናኝበት ሰፈር ወደ ዶራ ትወርዳለች፤ የሌላት በመስኮት ታያለች።

ኦክቶበር 20 ቀን 2019 እሑድ ነበር። የሊባኖስ ሕዝብ መንግሥቱን ተቃውሞ አደባባይ ከወጣ አራተኛ ቀኑ ነው። ሸቭሮሌ የሚባለው መገናኛ ተዘግቶ ሰርቪስ ታክሲ ጠፋ። እኔ ደግሞ የእቁብ ገንዘብ ይዣለሁ፤ ዶራ መድረስ አለብኝ። ከመጣች ዓመት ካልሞላት ልጅ ጋር በእግራችን በሲን ኤል ፊል በኩል ተነሣን። አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው ስንዞር አቅጣጫው ጠፋን፤ ስልኬም ባትሪ ጨረሰ።

«እንመለስ። ሰው ከጠየቅን ኢቃማ (መኖሪያ ፈቃድ) አምጡ ይሉናል» አለች ልጅቷ፤ እጄን ይዛ።

እኔ ግን አትክልት ቤት በር ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሊባኖሳዊት ጠየቅሁ። ውኃ አጠጥተው የልጅ ልጃቸውን እስከ ዋናው መንገድ ላኩልን።

ዶራ ስንደርስ የእቁቡ ሰብሳቢ መንገድ ተዘግቶባት ቀርታለች። የመጡት ጥቂት ልጆች ስለ ደመወዝ ያወራሉ። አንዷ «የእኔን ማዳም ባንክ ታስቀምጥልኛለች» አለች። ስንት እንደ ደረሰ አታውቅም፤ ጠይቃም አታውቅም። ወሩን በጣታችን ቆጠርንላት፤ የምትለውንም ዓረብኛ አብረናት ተለማመድን። በዚያው ሳምንት ጠየቀች፤ ግማሹን በዶላር አገኘች።

የዚያ ግማሽ ዋጋ የታወቀው ቆይቶ ነው። ባንኮች የሰውን ዶላር ያዙ። ለሃያ ዓመት ያህል አንድ ዶላር በ1,507.5 የሊባኖስ ሊራ ሲመነዘር ኖሮ በ2023 ወደ 90 ሺህ ተጠጋ። ሳትጠይቅ የቆየች ሌላ ልጅ ግን የዓመታት ድካሟ በሊራ ሲሰጣት የአንድ ወር አስቤዛ አልገዛላትም።

መጠየቅ ሁሉን ይፈታል አልልም። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት መኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ ስም የታሰረ ነው። ደመወዜን ብላ ደጅ የተጣለች አለች፤ በ2020 ሐዝሚያ በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ አስፋልት ላይ ያደሩትን ዓለም አይቷቸዋል። ስለዚህ ብቻሽን አትጠይቂ። የተከፈለሽንና ያልተከፈለሽን ወር በደብተር ያዢ። የፓስፖርትሽንና የኮንትራትሽን ፎቶ አገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ቋንቋውን ከወጥ ቤት ቃል አሳልፈሽ እስከ ሒሳብ ተማሪ። ክፉ ቀን ሲመጣ ወዴት እንደምትደውዪ አስቀድመሽ እወቂ፤ ራሳቸው የቤት ሠራተኞች በ2017 ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» በዚያ የችግር ጊዜ አስቤዛና የቤት ኪራይ ያደረሰው እንደ እኛ ላሉት ነው።

አባቶች «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለውም መክረዋል። አገር ቤት ያላችሁ እናቶችና አክስቶች፣ ልጅቱን ስትሸኙ «ቻይው» ካላችኋት ይህንንም ጨምሩላት። በስልክ ስታገኟትም «መቼ ትልኪያለሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ደመወዝሽ በእጅሽ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት።