በሁዳዴ የተነቀለ ጥርስ

ጥርሴን ያስነቀልኩት ሐሙስ ከሰዓት ነው። ዓርብን ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምሬ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ፊልም ሳይ ልሰነብት ነበር ሐሳቤ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር።

ይህን የመጨረሻ መንጋጋ ፈረንጆች «የጥበብ ጥርስ» ይሉታል። ብዙ ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሚበቅል፣ ሰው ልብ ሲገዛ የሚመጣ ነው ለማለት ነው። የእኔው ልብ መግዛቱን ትቶ በጎኑ ተጋድሞ ጎረቤቱን ሲገፋ ኖረ።

ሐኪሟ ፋሻ አስነከሰችኝና ትእዛዙን አወረደችው። እስከ ነገ አትጉመጥመጥ፣ አትትፋ፣ በስትሮ አትጠጣ፣ ሲጋራ አታስብ። ጉድጓዱ ላይ የረጋው ደም ከተነሳ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ሕመሙ እስከ ጆሮ ነው። «ምግብ ለስለስ፣ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ እርጎ፣ አይስክሬም፣ ነገ ደግሞ እንቁላል» አለችኝ። ሁዳዴ መሆኑን እንዳላስታውሳት አፌ በፋሻ ተወትፏል።

እማዬ ይህን ስትሰማ «እሷ ሐኪም ናት እንጂ ቄስ አይደለችም» ብላ ለንስሐ አባታችን ደወለች። እሳቸው «ለታመመ ይፈቀዳል» አሉ። ስልኩን ዘግታ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ይሄ ነው የታመመ?» ብላ ተልባ ልትቆላ ገባች።

ተልባውን ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ አጥልላ፣ አቀዝቅዛ አመጣችልኝ። በጾም ለተነቀለ ጥርስ ከዚህ የሚሻል የለም፣ ከንፈር ካለህ። የእኔ ከንፈር በማደንዘዣው የት እንደገባ አላውቅም። ግማሹ ሆዴ ሲገባ ግማሹ በአገጬ እየተዝለገለገ ደረቴ ላይ ወረደ።

ማታ ጠያቂ መጣ። አንዷ እትዬ ቅርንፉድ ይዘው፣ አንዱ ጋሼ አረቄ ይዘው። «ጉድጓዱ ላይ ያዝ አድርጋት!» ሁሉም «እስቲ ክፈተው» ይላሉ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲወርድ ትኩስ የተከለከልኩት እኔ ሽታውን ጠጣሁ።

ዓርብ ጠዋት ጉንጬ ሎሚ የጎረሰ መሰለ። 20 ደቂቃ በረዶ ያዝ፣ 20 ደቂቃ አሳርፍ ተብያለሁ። ፍሪጁን ብከፍት በረዶ የለም። ያለው ከቅበላ ተርፎ በፌስታል የተቋጠረ፣ ድንጋይ የሆነ የዶሮ እግር ነው። በፎጣ ጠቅልዬ ጉንጬ ላይ አድርጌ ጋደም አልኩ። ማስታገሻው ነው መሰለኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት በእማዬ ጩኸት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነው፤ ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም። ፎጣው ተፈትቷል፣ ፌስታሉ ተቀዷል፣ የቀለጠው እግር ከአፌ አጠገብ ትራሱ ላይ ተዘርግቷል።

«ምንድን ነው ይሄ? በሁዳዴ!»

«በረዶ ነው» ልል ነበር። ካበጠው አፌ የወጣው ግን «ዶዶ ነው» የሚል ነገር ሆነ።

«ዶሮ መሆኑንማ አየሁት!»

ትራሱ ታጠበ፤ የንስሐ አባታችን ጋም እንደገና ተደወለ። እግሩን የወሰደችው የግቢው ድመት ናት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ አጥንቱን ቀጭ ቀጭ እያደረገች፣ በመንጋጋዋ ሁሉ በላችው።