ፍራሽ ላይ የተቃጠለ ካሎሪ

የወልቂጤና የቡታጅራ ባለቦርጮች እንኳን ደስ ያላችሁ! ቦርጭ ድሮ የጥጋብ ምልክት ነበር፤ ቀጥሎ የስንፍና ሆኖ ተዋረደ፤ ዛሬ ደግሞ «የሜታቦሊዝም ችግር» ተብሎ ማዕረጉ ተመልሶለታል። ክትፎ ቤት ገብታችሁ፣ ጣባው ፊቱ ተቀምጦ፣ ሁለተኛ ቆጮ እያስጨመረ «እኔኮ ብዙ አልበላም፤ አርባ ካለፈኝ ወዲህ ሜታቦሊዝሜ ሞቷል» የሚል ሰው ብታገኙ እንዳትስቁበት። ሐዘንተኛ ነው። አጽናኑት፤ ቅቤም ጨምሩለት።

ሳይንስ ግን ይሉኝታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ ከ6,400 በላይ ሰዎችን መርምረው «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ የሰውነት መጠን ከግምት ሲገባ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ሜታቦሊዝም ንቅንቅ እንደማይል አሳይተዋል። ሟቹ በሕይወት አለ ማለት ነው። ተዝካሩን በየሳምንቱ በክትፎ ሲያወጣ የኖረ ሁሉ ምን ይዋጠው?

ደግነቱ ካሎሪ የሚቆጥር የስልክ አፕ አለ። አፑ ክብደት፣ ቁመትና ዕድሜ ይጠይቅና ሚፍሊንና ሴንት ጆር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ 498 ሰዎችን ለክተው በሠሩት ቀመር ያሰላል። ክብደት በ10፣ ቁመት በ6.25 ተባዝቶ ይደመራል፤ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል። ወንድ ከሆነ 5 ይመረቅለታል፤ ከሴት 161 ይነሣባታል። በዚህ ስሌት 85 ኪሎ የሚመዝነው፣ 170 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው የ45 ዓመቱ ወዳጃችን 1,690 ካሎሪ ገደማ ደረሰው። ይህ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ጣቱን ሳያነሣ፣ ጉበቱ፣ አንጎሉ፣ ልቡ፣ ኩላሊቱና ሌላው አካሉ እየሠሩ የሚያወጡት ነው። ወዳጃችን ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ለካ ተኝቼም እሠራለሁ!»

የጥበቡ ቁንጮ ቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ «ምን ያህል ይንቀሳቀሳሉ?» ተቀምጦ ለሚውል ሰው ያ ቁጥር በ1.2 ይባዛል፤ ለብርቱ ሠራተኛ በ1.725። ወዳጃችን ከሰዓት በኋላውን በርጫ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ትራሱን ተደግፎ፣ በምርቃና ኃይል፣ ሁለት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አቁሟል፤ ከመርካቶ አንድ ተሳቢ ሙሉ ዕቃ ጭኖ አራግፏል፤ የወልቂጤንም የውሃ ችግር አንዴ ለመጨረሻ ፈትቶታል። እንዲህ የለፋ ሰው ራሱን «የማይንቀሳቀስ» ብሎ ይሳደብ? «በጣም ንቁ» የሚለውን ነካ። 2,030 ሊሆን የነበረው የቀን ድርሻው 2,920 ገባ። ትርፉ 890 ካሎሪ፣ ማለትም ሰባት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ነው። እንደሱ ያለ ሰው ይህን በሩጫ ላውጣ ቢል አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል፤ እሱ በአውራ ጣቱ ጨረሰው።

ቸር ባል ነውና ሚስቱንም መዘገባት። 50 ኪሎ፣ 155 ሴንቲ ሜትር፣ 40 ዓመት። ሥራ፦ የቤት እመቤት። እንቅስቃሴ፦ የለም፤ ቤት አይደል የምትውለው! አፑ ዮጋ ያውቃል፣ ዙምባ ያውቃል፤ እንሰት መፋቅ አያውቅም። ተክሉን ለዓመታት እያዘዋወረ የሚተክለው ወንድ ነው፤ ለማዕድ የሚያበቃው የሴቷ ጉልበት ነው። ግንዱን ቅርፊት በቅርፊት ፈልቅቃ፣ ሳንቃ ላይ አስደግፋ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ስትገፋ ትውላለች። ሥሩን ትከትፋለች፤ በኮባ ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ትቀብረዋለች፤ እየከፈተች ታገላብጠዋለች፤ ሲብላላ አውጥታ ትጨምቃለች፤ ቃጫው እስኪልም በቢላ ትከትከዋለች፤ ከዚያ መጋገር አለ። ይህ ሁሉ በአፑ ቋንቋ «ዕረፍት» ይባላል። ወዳጃችን ሁለተኛ ያስጨመረው ቆጮም ከዚሁ ዕረፍት የተገኘ ነው።

እናም ለእሷ በቀን 1,330 ካሎሪ ተቆረጠላት። መንግሥት በ1988 ዓ.ም. የድህነት ወለል ሲያሰምር እንኳ ለአንድ አዋቂ ሰው 2,200 ካሎሪ ብሎ ነበር። አፑ 870 ዝቅ አድርጎ «ጤናማ ሕይወት» ብሎታል። ድሃ ሆኖ መዋል ለካ በወርኃዊ ክፍያ ይገኛል!

ትናንት ማታ የእሷ መዝገብ ላይ መልእክት ገባ። ባል ከፍራሹ ሳይነሣ ጮክ ብሎ አነበበላት። «ትንሽ መንቀሳቀስ አለብሽ ይላል። በቀን ሠላሳ ደቂቃ በእግር መሄድ ልመጂ ይላል።»

ከቦኖ ሰልፍ መመለሷ ነበር። ጄሪካኑን አወረደች።

«አንተንስ ምን አለህ?»

«እኔንማ እንዳትጎዳ፣ ዕረፍት አድርግ ነው የሚለኝ።»