ሰው የሚያጠና ሰው

ሶሲዮሎጂ ለማስተርስ ልማር ነው ስል ቤተሰቡ በሙሉ እልል አለ፤ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ጣጣው የመጣው ጎረቤት ሲጠይቅ ነው። አክስቴ «ሰው ነው የሚያጠናው» አለች። «ሐኪም ሊሆን ነዋ!» «አይደለም አቦ! አያክምም፤ ዝም ብሎ ያያል።» ከዚያ ወዲህ በየመጽሐፉ ካነበብኳቸው ብያኔዎች ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

በእኛ አገር፣ በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው ሁርሶ፣ መመረቅ የሚታይ ነገር ነው። የጦር ማሠልጠኛ ያለበት አገር ስለሆነ ሰው የተማረው ትከሻው ላይ ይነበባል። የእኔ ቲሲስ የት ይለጠፍ? የምማረው የምርምር ከተባሉት 8 ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ መሆኑን ሳስረዳ፣ አንድ ጎረምሳ «የቀሩትስ ምን ይሠራሉ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ቢቸግረኝ ኩራቴን ከታሪክ ፈለግሁ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍሉን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው፤ ድሬዳዋ ሐዲድ ደርሶላት የተቆረቆረችው ደግሞ በ1902። የቀደሙን በ10 ዓመት ብቻ! ከዚያው ከቺካጎ የመጣው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ከርሞ «ሰምና ወርቅ»ን በ1965 አሳተመ። መንዝ ለሌቪን ከሆነች ሁርሶ ለእኔ የማትሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

አማካሪዬ «ፊልድ ውጣ» ሲለኝ፣ የድሮው ባቡር መቆም በጉርብትና ላይ ስላመጣው ለውጥ መጠይቅ አባዝቼ ወጣሁ። ባቡሩ ጣቢያ ሲደርስ በመስኮት ትሸጥ የነበረች እናት ቤት ቡና ደርሶ ነበር። «እርስዎ በዚህ ሐሳብ ምን ያህል ይስማማሉ?» ስል ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። በድሬ አገር ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው። «ምነው፣ ተቀየምከን እንዴ?» አለችኝ።

ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» 5ቱን አማራጮች አነበብኩላት። መሐል ላይ ያለውን «ገለልተኛ»ን ስትሰማ ተቆጣች። «እኔ? ባሌን ያገኘሁት በባቡር፣ ልጆቼን ያሳደግሁት በባቡር! ገለልተኛ የሚሆነው ባቡሩን ያላየ ነው!» ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። ዲግሪው ደመወዝ ይጨምራል? የቤት ኪራይህን ማን ይከፍላል? ለምን አላገባህም? ካላገባህ ስለ ጉርብትና ምን ታውቃለህ? አቦል ላይ ዕድሜዬን፣ ቶና ላይ ዕዳዬን፣ በረካ ላይ የተለየችኝን ልጅ ስም አውቃለች። እኔ አንዲት ምልክት እንኳ አላደረግሁም።

ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ ብሞክር ደግሞ ወሬው እንደ ጎርፍ ነው፤ ማን ከማን ተጋባ፣ ማን ለቅሶ ቀረ፣ ማን ሥራ ፍለጋ ከተማ ገባ። ጥናቴ ሙሉ በሙሉ እዚያ አለ፤ አንዱም ግን ከሳጥኖቼ አይገባም።

ስለዚህ ሶሲዮሎጂ የምትገቡ ሁሉ፣ ምክሬን ስሙ። መጠይቁን ከማባዛታችሁ በፊት ቡናውን እስከ በረካ ጠጡ፤ የምትጠየቁትንም ሳትደብቁ መልሱ። ራሱን ያላስጠና ሰው፣ ሌላውን ላጥና ቢል ማን እሺ ይለዋል?