በሰባ ዓመቴ መራመድ ተማርኩ

ሰባ ዓመት ሞልቶኛል። ይህን ሁሉ ዘመን በእግሬ የኖርኩ ሰው፣ አሜሪካ የተወለደው ልጄ ዘንድሮ አረማመድ ያስተምረኝ ጀመር።

«አባዬ፣ እግርህን አታንሳ! ጎትተው!» ይለኛል ከኋላዬ።

የመንዝን ዳገት ገብስ ተሸክሜ የወጣሁ ሰው ነኝ እኮ! በእኛ አገር እግሩን የሚጎትት ሰነፍ ነው፤ እዚህ ብልህ ነው አሉ። እግሬ ላይ ያሰርኩትን ስኪ፣ ያን ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ባነሳሁ ቁጥር የጫማውንም የበረዶውንም ክብደት እሸከማለሁ፤ ካንሸራተትኩት ግን በረዶው ይሸከምልኛል።

ቦታው ከዴንቨር በስተምዕራብ ያለው በርቱድ ፓስ ነው፤ 3,446 ሜትር ከፍታ። ድሮ ወንበር ላይ ቁጭ ተብሎ ሽቅብ የሚወጣበት ማንሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘጋ፣ ኋላም ተነቀለ፤ ሰዉ በእግሩ ቀረ። ልጄ በዚህ ደስተኛ ነው!

ስኪው ሥር ስኪን የሚሉት ይለጠፋል፤ ቆዳ ማለት ነው። ጥንት የባሕር እንስሳ ቆዳ ነበር፤ ዛሬ ናይለን ወይም የአንጎራ ፍየል ጠጉር ነው። ጠጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ ወደ ፊት ያስኬዳል፣ ወደ ኋላ ሲሉት ግን ይቆማል። ዋጋውን ስሰማ ፍየሏን ከነግልገሎቿ የገዛሁ መስሎኝ ነበር።

ዳገት ሲመጣ እንደ ልማዴ ጎንበስ አልኩ፤ ስኪኑ ከዳኝና በግንባሬ ተደፋሁ። ለካ ቀጥ ብሎ ክብደትን ተረከዝ ላይ መጣል ነው። ተረከዝ ሥር የምትቆም ብረትም አለች፤ በዚህ ዕድሜዬ ባለታኮ ሆንኩላችሁ። እሷም ብትሆን ከፍ ስትል እርምጃ ታሳጥራለች፤ ስለዚህ ዳገቱን ፊት ለፊት ከመግጠም አግድም እየተጠማዘዙ መውጣት ይሻላል ብሎ ልጄ ስልኩ ላይ መስመር አሳየኝ። የአባቴ አህያ ይህን ያለ ስልክ ታውቀው ነበር። መታጠፊያው ላይ እንደ ሽመላ በአንድ እግሬ ስቆም ያየኝ እንዳይኖር ጸለይኩ።

ስንነሳ ልጄ ሹራብህን አውልቅ፣ እየበረደህ ጀምር ቢለኝ እምቢ አልኩ። ላብ አጠመቀኝ፤ ስናርፍ ደግሞ ላቡ በላዬ ላይ ቀዘቀዘ። እሺ፣ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ። ከመነሳታችን በፊት የናዳውን ትንበያ ማንበቡንም አመሰግንለታለሁ፤ ከ30 ዲግሪ በላይ የቆመ ተዳፋት ላይ በረዶ ይናዳልና በዚህ አልቀልድም።

«እያወራህ መውጣት ከቻልክ ፍጥነትህ ልክ ነው» አለኝ። ከታች እስከ ላይ ስነጫነጭ ስለወጣሁ ፍጥነቴ እንከን አልነበረውም።

ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ በስኪ መወዳደሩን ልጄ እየደጋገመ ይነግረኛል። ይወዳደር! እሱ ወዶ ነው፣ እኔ ተጎትቼ።

መውረዱን አላወራም።

ለቅዳሜ ደግሞ ቀጥሮኛል። ዴንቨር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ክርስትናም ይሁን ልቅሶ ካለባችሁ፣ እባካችሁ ጥሩኝ።