ለስድስት ረዳት ሦስት ወንበር

ድሮ ረዳት መምህር ሲቀጠር ከዲፓርትመንቱ ጸሐፊ እጅ የሚቀበለው ጠመኔና ማጥፊያ ነበር። ክፍሉ የት እንደሆነ እንኳ የሚነግረው ተማሪው ነው። አምና የእህቴ ልጅ በኬሚስትሪ ተመረቀች፤ ነጥቧ ከፍ ያለ ነበርና እዚያው ለአስተማሪነት አስቀሯት። እሰየው ብለን ዶሮ አረድን። ሥራ በጀመረች ሰሞን የተሰጣትን ተሸክማ መጣች፤ መመሪያ፣ የመመሪያው ማስፈጸሚያ፣ የማስፈጸሚያው ቅጽ። ወንበር ግን አልተሰጣትም። ቢሮው ውስጥ ያሉት ረዳቶች ስድስት፣ ወንበሩ ሦስት ነው። ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል፤ የዘገየ ተማሪዎቹን ኮሪደር ላይ ቆሞ ያማክራል።

ጡረተኛ የማይመለከተውን ወረቀት እንደማንበብ የሚያስደስተው ነገር የለም። መነጽሬን አድርጌ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ረዳቱ ቱቶሪያል ይሰጣል። ላብ ያስኬዳል። ያርማል፤ ያረመውን በጊዜው ይመልሳል። ፈተና ይፈትናል። የምክር ሰዓቱን በሩ ላይ ይለጥፋል፤ በለጠፈው ሰዓትም ይገኛል። ይኼ ደግ ነው፤ በእኛ ጊዜ አንዳንዱ መምህር ቢሮው ውስጥ የሚገኘው እንደ ጳጉሜን ስድስት በአራት ዓመት አንዴ ነበር። ከተማሪ ጋር ስለሚኖር ግንኙነት፣ ስለ ትንኮሳና ስለ ስጦታ የተጻፈውንም አልነቅፍም። ይኼ እንኳ በእኛ ጊዜ አለመጻፉ ያሳዝናል፤ የጎዳቸው ልጆች ነበሩ።

መጨረሻው ላይ ግን ያቺ የድሮ ወዳጄ መስመር ተቀምጣ አገኘኋት፦ ሌሎች ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡ ተግባራትን ያከናውናል። ስንት መንግሥት መጥቶ ሄደ፣ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ከላይ የተዘረዘረው ጌጥ ነው፤ ሰው ደመወዙን የሚበላው በእሷ ነው።

እኔ በደርግ ዘመን ረዳት ሆኜ ስገባ በዚያች መስመር ስር የውይይት ክበብ ነበረብኝ። የቤንዚንን ቀለበት ሳስተምር ከዋልኩ በኋላ ስለ ትርፍ እሴት ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ፤ ያንቀላፋ ሰው ስሙ ይያዛል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላም የዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር ለሰፈራው ጎጆ እንዲሠራ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ሲዘምት አብሬ ሄድኩ። እጄን አውጥቼ፣ እኔ ኬሚስት ነኝ አልኩ። የምድባችን አለቃ ደስ አለው፤ «በል መቀላቀል ታውቃለህ ማለት ነው፤ ጭቃውን አንተ አቡካ» አለኝ። አቦካሁ። የሥራ ዝርዝሬ ስላልተጣሰ ማንን እከሳለሁ?

የዛሬዎቹስ? በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር መምህሩ ፈታኝ ሆኖ ከማያውቀው ከተማ ሄደ። ያን ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሬሜዲያል የሚባል መጣ፤ ነጥብ ያልሞላላቸው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተደግፈው እንዲሞክሩ። መደገፉስ ጥሩ፤ ግን ማን ይደግፋቸው? ፕሮፌሰሩ የሞለኪውል ክብደት ምን እንደሆነ ከሀ ሊጀምርላቸው ነው? ረዳቶቹ አሉ። ሐምሌ 2015 ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ ተመራቂው አራት ዓመት የተማረውን በአንድ ቀን እንዲያስታውስ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። ለዚህም ረዳቶቹ አሉ። የእህቴን ልጅ መግቢያውም መውጫውም በር ላይ አቆሟት፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ላብ አለባት።

ይኼን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የኮርስ ምደባዋን ያየሁ ለታ ነው። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ፣ ከነላቡ። መምህር በሚለው ሳጥን ውስጥ የእሷ ስም። ከጎኑ ሌላ ስም የለም።

«ዋናው መምህር ማነው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«የምትረጂውስ?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። አንዱ ሦስተኛ ዲግሪውን ሊማር ውጭ ሄዷል፤ አንዷ ፕሮጀክት ላይ ናት፤ ሌላው ከተማ ውስጥ የግል ኮሌጅ ላይ በትርፍ ሰዓቱ ያስተምራል፤ መቼም ደመወዙን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድበትም። እኔ የምፈርደው ይኼን ሁሉ ቅጽ ባሳተመው ላይ ነው። ረዳት ከዋናው መምህር ጋር በሳምንት ስንቴ ይገናኝ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ፈለግሁ። ስለ ቅጣት አንቀጽ አለ። ስለ መታወቂያ መጥፋት አንቀጽ አለ። ረዳቱ አጠገብ ማን ይቀመጥ የሚል የለም። ለካ ወንበሩ ሦስት የሆነው ለዚህ ነው፤ ማን መጥቶ ሊቀመጥበት?

እስቲ ወደ ኋላ ልበላችሁ፤ ሽማግሌ ካልተረከ ይታመማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ፕሬዚዳንቱ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ነበሩ፤ አስተማሪውም በብዛት የውጭ ሰው። በኋላ ጎበዝ ጎበዙን ምሩቅ እያስቀሩ፣ አጠገባቸው እያሠሩ፣ ከዚያም ለሁለተኛ ዲግሪ ባሕር ማዶ እየላኩ ነው ቦታው ለአገር ልጅ የተለቀቀው። በዚያ ላይ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነበር፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ አገር ወርዶ ያገለግላል፤ አብዛኛው የሚመደበው ለማስተማር ነው። ስለዚህ ረዳት ሆኖ ሲቀር ቢያንስ አንድ ክፍል ሙሉ ጎረምሳ ፊት ቆሞ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ጠመኔ ተወርውሮበት የመጣ ነው። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967 ሲታወጅ ያ ነገር አብሮ ተዳፈነ። እኔም አልደረስኩበትም፤ ግን አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ነበረኝ። ያረምኩትን ወረቀት ከላይ አምስት፣ ከመሀል አምስት መዝዞ እንደገና የሚያርም ቀጭን ሰውዬ ነበር። «ለዚህ አራት ሰጥተህ ለዚያ ስድስት የሰጠኸው በምን ሒሳብ ነው?» ይለኛል። የጻፈው ልጅ ስሙ ስለሚያምር ነው እንዳልለው አፍራለሁ። ሰውየው ያን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ቅጽ አልሞላም።

ይህችን ልጅ ግን ሐምሌ ላይ ጋዋኗን አስወልቀው ጥቅምት ላይ ሰሌዳ ፊት ገተሯት። ፊቷ የተደረደሩት አምና አብረዋት ካፌ የተሰለፉ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ የዶርም ጓደኞቿ ነበሩ። ማታ ማታ ምን እያለች እንደምታንኮራፋ የሚያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ቲቸር ይበላት? በመምህራን ላውንጅ በር ላይ ደግሞ ዘበኛው ተማሪ አይገባም ብሎ መለሳት። መታወቂያዋን ብታሳየው፣ ይኼማ የእህትሽ ነው አለ።

ማስተማር የሚማሩበት ነገርስ የለም እንዳትሉኝ፤ አለ፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም አለ። እኔንም በሽበቴ አስገብተውኛል። ሁለተኛ ዲግሪ ላለው ሰው ዲፕሎማ ሲሰጡ ተመርቆ ወደ ታች መውረድ ያየሁት ያኔ ነው። አሰልጣኛችን ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው፤ በየሳምንቱ የተሰማህን ጻፍ ይለኛል። እንቅልፍ ተሰማኝ ብዬ ጻፍኩ። ጥልቅ ምልከታ ነው ብሎ ከጎኑ ጽፎልኝ መለሰው። ነገሩ ራሱ ክፉ አልነበረም፤ ልጁም ጎበዝ ነበር፤ ግን ይኼ መሰጠት ያለበት ሰውየው ሰሌዳ ፊት ከመቆሙ በፊት ነው ወይስ ከጡረታው በፊት?

ፈተና አወጣጡ ላይ አታስነሱኝ። በእኛ ጊዜ ጸሐፊዋ በስቴንስል ትመታዋለች፤ ረዳቱ ማባዣው አጠገብ ቆሞ ቀለሙ እጁ ላይ እስኪደርቅ ይጠብቃል። የተጠቀሙበትን ስቴንስል ማቃጠል የረዳቱ ሥራ ነው፤ ካላቃጠለ ተማሪው ከቆሻሻ መጣያው አውጥቶ ወደ መብራት አንስቶ ያነበዋል። እሳት ነበር መመሪያችን። ዛሬ ፈተናውን የሚጠብቁት ከስልክ ነው፤ ረዳቷ በር ላይ ቆማ ስልክ ትሰበስባለች፣ ቁጥር ትለጥፋለች፣ ፈተናው ሲያልቅ የማን የማን እንደሆነ ታከፋፍላለች። አንዱ ያልሆነውን ስልክ ወስዶ ሁለት ቀን ከሰው እጮኛ ጋር ሲያወራ ከረመ አሉ።

ማረሙ ደግሞ ተከታታይ ምዘና ነው ተብሏል፤ ተከታታይ መሆኑን አልጠራጠርም፣ አያልቅም። ኩዊዝ፣ አሳይመንት፣ የቡድን ሥራ፣ ፕሬዘንቴሽን፣ ቴስት አንድ፣ ቴስት ሁለት፣ ፋይናል። የቡድኑን ሥራ አንዱ ይጽፈዋል፣ አራቱ ስማቸውን ያዋጣሉ። የላቡ ሪፖርት ከሁሉ ይብሳል። ቢሮው ጠቦ ቤት ይዛው ስትመጣ በትከሻዋ አሻግሬ አየሁት፦ አሲዱን በቤዝ ቲትሬት ሲያደርጉ ሁሉም፣ አንድ ሳይቀሩ፣ ልክ 0.1 ሞላር አገኙ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፒፔት ስጠባ ልክ 0.1 አግኝቼ አላውቅም! አንደኛው እንዲያውም ቀኑን እንኳ ሳይቀይር የሲኒየሩን ሪፖርት ነው የገለበጠው፤ ሙከራውን ከመመዝገቡ በፊት ሠርቶታል። ስንቱን ትቀንሺለታለሽ ብላት መመሪያው መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላል አለች። የማስጠንቀቂያ ቅጽ አለው። ቅጹ አልቋል።

ጉዴ የመጣው ከዚያ ነው። እስቲ ወዲህ በይው፣ ከላይ አምስት ከመሀል አምስት ልምዘዝና አብረን እንየው አልኳት። ወረቀቱን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«አይቻልም ጋሼ። የተማሪ ወረቀት ለሦስተኛ ወገን አይታይም፤ አንቀጽ አለው።»

ሦስተኛ ወገን! በብር ናይትሬት ጣቶቼ ጠቁረው ሠርግ የሄድኩ ሰውዬ፣ ዳይፐሯን የቀየርኩ አጎቷ፣ ሦስተኛ ወገን ነኝ። ለዋስም አልበቃሁም። ለሁለተኛ ዲግሪ ስትላክ ተመልሳ እንደምታገለግል ውል ትፈርማለች፤ ውሉ ዋስ ይፈልጋል፤ ዋሱ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ጡረታ ደመወዝ አይደለም ተባልኩ። ጡረታ ታዲያ ምንድን ነው? ስላቅ ነው?

ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ትደውላለች። «ጋሼ፣ ነገ ስለ በፈር ነው የማስተምረው፤ ከየት ልጀምር?» ይኼን ጊዜ ሦስተኛ ወገንነቴ ይረሳል። ከየት እንደምትጀምር እነግራታለሁ፤ ቀመሩን መጀመሪያ እንዳትጽፊው፣ መጀመሪያ አሲዱን ጠብ አድርጊና ቀለሙ እንደማይለወጥ አሳዪአቸው እላታለሁ። አመስግና ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ ይኼ ምክር የሚሞላ ቅጽ ካለው ነገ አምጪልኝና ልፈርም ብያታለሁ። የትራንስፖርቱን ግን ዲፓርትመንቱ ይክፈል።