ለጨዋታ ደግሞ ክፍያ!

ዘንድሮ ለመጫወትም ደረሰኝ ይቆረጣል። ልጄ የልጇን የኬጂ ተርም ክፍያ ስታሳየኝ «ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ብር ምን ተማረበት?» አልኳት። «እየተጫወተ ነዋ የሚማረው!» አለችኝ፣ ምንም ሳታፍር።

እኛ ፊደል ስንቆጥር ጨዋታ የሚገኘው የኔታን እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው ነበር። ፊደሉን ጨርሶ፣ አቡጊዳውን ዘልቆ፣ መልእክተ ዮሐንስን ተሻግሮ ዳዊት የሚደግመውን ልጅ «ማኅበራዊ ዕድገቱስ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። ማኅበራዊ ዕድገታችንን አለንጋው ይከታተለው ነበር።

አሁን ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚባል ደብተር አለ፤ ከምሳ ዕቃው ጋር ታዝሎ ይመጣል። በቀደም «ዛሬ መጫወቻ መኪናውን ለጓደኛው አውሷል፤ አበረታቱት» የሚል ተጽፎበት መጣ። እናቱ ደስታዋን አልቻለችም፣ ለአባቱ ቢሮ ድረስ ደወለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዕድር ስከፍል፣ ድንኳን ስተክል ኖሬ «አበረታቱት» ብሎ የጻፈልኝ ሰው የለም!

በጨዋታ የማስተማሩ ነገር ከሩቅ የመጣ ነው። ፍሬድሪክ ፍሮበል የተባለ ጀርመናዊ በ1837 እ.ኤ.አ. ብላንከንቡርግ ላይ ቤት ከፍቶ፣ ሕፃናቱን ኳስና የእንጨት ኩብ እያስያዘ ማስተማር ጀመረ። እኛም ዘንድ በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ ሆነው የቀዳማይ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ሦስት ሚኒስቴር! በኛ ጊዜ እናቴ «ውጣልኝ ከዚህ!» ካለች ፖሊሲው ጸደቀ ማለት ነበር።

የወላጆች ቀን የመጣ ጊዜ እናቱ ሥራ ስላልተመቻት እኔ ተላክሁ። ጉልበቴ አገጬን እስኪነካ በሕፃን ወንበር ላይ ተጣጥፌ ተቀመጥኩ። ጥጉ ላይ የፕላስቲክ ጀበና፣ ሲኒና ረከቦት ተደርድሯል። አንዲት ጉንጫም ልጅ ቡና ታፈላለች። የኔው ጉድ ሄዶ ጀበናውን ቀማት። እሪ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ረጋ ብላ «እንግዳ አይቀዳም። ቁጭ በል፣ ገና ቶና ነው» አለችው። በቤታችን ማንም ቁጭ ሊያደርገው ያልቻለ ልጅ ቁጭ አለ! በረካው ላይ ጀበናውን ራሷ ሰጠችው፤ እሱም መጀመሪያ ለሷ ቀዳላት። መምህርቷ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገች።

«ምን ጻፍሽ ልጄ?»

«ተራ መጠበቅ ጀምሯል አባባ፤ እርስዎም አዩት አይደል?»

የቡናውን ሂሳብ ልጠይቃት ፈለግሁና ተውኩት፤ ተርም ክፍያው ውስጥ ተካቶ ይሆናል።

ቀጥላ ሚልድሬድ ፓርተን ስለምትባል አሜሪካዊት አጫወተችን። ይቺ ሴት በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የልጆችን ጨዋታ በየደረጃው ከፋፍላዋለች። ትንንሾቹ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው፣ ተመሳሳይ መጫወቻ ይዘው፣ አንዱ ከሌላው ጉዳይ ሳይኖረው ይጫወታሉ። ከፍ ሲሉ ይዋዋሳሉ፤ ኋላም ሥራ ተከፋፍለው አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። ስሰማት የኛ ኮንዶሚኒየም ድቅን አለብኝ። ከጎረቤቴ ጋር ግድግዳ እንጋራለን፣ በራችን አንድ ዓይነት፣ ዲሻችን አንድ ዓይነት፤ ስሙን ግን አላውቀውም። በፓርተን ሚዛን ሁለታችንም ገና ዳይፐር ላይ ነን።

እንግዲህ ከመምህርቷ ምን ጠብ አለኝ? ጠቤ ከግቢያችን ጋር ነው። በኛ ጊዜ ተራ መጠበቅ የሚለመደው ደጅ ነበር፤ ብይ ላይ ያጭበረበረ እዚያው ይባረር ነበር፤ ሰኞ ማክሰኞ ላይ መስመር የረገጠ ተራውን ለቆ ይወጣል፤ ማንም ሳይከፍል፣ ማንም ሳይፈርም። ዛሬ ግቢው በመኪና ተሞልቷል። ልጅ ኳስ ይዞ ብቅ ሲል የጥበቃው ፊሽካ ይቀድመዋል፤ የጎን መስታወት ተሰብሮ ካሳ የተጠየቀ ዕለትማ ነዋሪው ሁሉ ለስብሰባ ወጣ። ለዚህ ለዚህ ጊዜ አለን።

ሰኔ ላይ ደግሞ በኬጂው የትልልቆቹ ምረቃ ነው። ትልልቆቹ ማለት የስድስት ዓመት ሰዎች ናቸው። ጋዋን፣ ቆብ፣ ኬክ፣ ፎቶግራፈር፤ መዋጮውም ከሁላችን። እኔ ዳዊት ስደግም እናቴ አንድ ድፎ ዳቦ ጋገረች፣ በቃ።

የወላጅ ኮሚቴዎች፣ እባካችሁ ጋዋኑን ተዉትና በዚያ ገንዘብ ለልጆቹ አንድ ሲኖ አሸዋ ግቢው ውስጥ አስገልብጡላቸው። ለእሱ ከሆነ እኔም አዋጣለሁ።