አዋጅ ቁጥር 404፦ የምርጫ ክልሎችን ያለ አንዳች አድልዎ ለማካለል የወጣ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ያልሰማህ ደግሞ ስልክህን ከፍተህ አንብብ!

መሬት የሌለው፣ ግብር የማይሰበስብ፣ ነገር ግን ፕሬዚዳንት፣ ሴኔትና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለው ይህ የኦንላይን መንግሥታችን ካርታውን ከአሜሪካ ተውሶ መቆሙ ይታወቃል። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚሉን ምቀኞች ቢበዙም፣ ላሚቱን ማን እንደሚያልባት በሕግ መወሰን አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ ባለፈው ምርጫ ሕዝቡ ለማይገባው ወገን ድምፅ በመስጠቱ፤ ይህ ስህተት እንዳይደገም መራጩን ከማሳመን መስመሩን ማጠፍ የሚቀል በመሆኑ፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 1 (ሌሎቹ አንቀጾች ገና እየተጻፉ ነው) መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የፍትሐዊ ካርታ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በሌላ ስም የጠቀሰው ከግሩፑ ይወገዳል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ሕዝብ» ማለት በመዝገባችን ላይ ያለ አካውንት ሁሉ ነው፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ረስቶ ከጠፋ ዓመት ያለፈውም ጭምር። «ገለልተኛ» ማለት ከእኛ ጋር ተስማምቶ የፓርቲያችንን አርማ ፕሮፋይሉ ላይ ያልለጠፈ ሰው ነው።

አንቀጽ 3። ስለ እኩልነት
የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964፣ በሬይኖልድስና በሲምስ ክርክር፣ እንደራሴ የሚወክለው ሰውን እንጂ ዛፍና ማሳን አይደለም ብሎ የየምርጫ ክልሉ የሕዝብ ቁጥር በተቻለ መጠን እኩል እንዲሆን ወስኗል። ይህን ፍርድ እንደ እኛ ያከበረ መንግሥት የለም፤ ዛፍም ማሳም የለንምና። ስለሆነም ክልሎቻችን ሁሉ እኩል አካውንት ይኖራቸዋል። በገዢው ፓርቲ ክልሎች ውስጥ ያሉት አካውንቶች አብዛኞቹ በድን መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር ነው።

ታሪክም ይደግፈናል። በእንግሊዝ አገር፣ ሳልዝበሪ አጠገብ፣ ኦልድ ሳረም የሚባል ኮረብታ ነዋሪ አልባ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. እስከ 1832ቱ የማሻሻያ ሕግ ድረስ ለፓርላማ ሁለት ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር። ሰልፍ የለ፣ ሁከት የለ፣ አቤት ባይ የለ። ከዚህ የበለጠ ሰላማዊ የምርጫ ክልል ያየ ካለ ይናገር።

አንቀጽ 4። ስለ ስሌቱ
50 ንቁ መራጮችና አምስት ወንበሮች ያሉትን ስቴት እንውሰድ። 30ዎቹ ተቃዋሚውን፣ 20ዎቹ እኛን ይደግፋሉ። ስሌት የማያውቅ ሰው ለተቃዋሚው ሦስት፣ ለእኛ ሁለት ወንበር ይደርሳል ይላል። ባለሙያዎቻችን ግን በሁለቱ ክልሎች ዘጠኝ ዘጠኝ ተቃዋሚ ከአንድ አንድ የእኛ ሰው ጋር ያጭቃሉ። የቀሩትን 12 ተቃዋሚዎች በሦስቱ ክልሎች አራት አራት አድርገው ይበትናሉ። በሦስቱም ስድስት ለአራት እናሸንፋለን። ውጤቱ ያው ሦስት ለሁለት ነው፤ የተለወጠው የሦስቱ ባለቤት ብቻ ነው።

ፈጠራው የእኛ ነው ብለን አንመጻደቅም። እ.ኤ.አ. በ1812 የማሳቹሴትስ አገረ ገዢ ኤልብሪጅ ጌሪ እንዲህ ያለውን ካርታ በፊርማው አጸደቀ፤ ፓርቲውም በጠቅላላ ድምፅ አንሶ ሳለ ከ40ዎቹ የሴኔት ወንበሮች 29ኙን ወሰደ። በኤሴክስ የተሠራው ጠመዝማዛ ክልል በጋዜጣ ላይ ክንፍና ጥፍር ተስሎለት መሳቂያ ሆኗል፤ ሳቅ ግን ወንበር አያስመልስም። የሚያሳዝነው ጌሪ ራሱ በዚያው ዓመት አገረ ገዢነቱን ተሸነፈ። (የጸሐፊው ማስታወሻ፦ አገረ ገዢ የሚመረጠው በመላው ግዛት ስለሆነ የሚታጠፍ መስመር አልነበረም።) ከዚህ ትምህርት ወስደን የፕሬዚዳንቱንም ምርጫ በክልል እንዲሆን አድርገናል።

አንቀጽ 5። ስለ ቅርጽ
ክልሎቻችን ሁሉ አራት ማዕዘን ናቸው፤ ዓይን ያለው ይይ። ቺካጎ ላይ የነበረው የኢሊኖይ 4ኛ ክልል ሁለት የላቲኖ ሰፈሮችን በቀጭን መስመር አገናኝቶ የጆሮ ማሞቂያ ይመስል ነበር፤ የታሰበው የተራራቀው ማኅበረሰብ አንድ እንደራሴ እንዲኖረው ነው። መልካም ሐሳብ በአስቀያሚ ቅርጽ! እኛ ተቃራኒውን መርጠናል።

አንቀጽ 6። ስለ ገለልተኛ ኮሚሽን
ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2008 መራጮች ባጸደቁት ሕግ ካርታውን ከፖለቲከኞች እጅ አውጥታ ለ14 ዜጎች ሰጠች፤ አምስት ዲሞክራት፣ አምስት ሪፐብሊካን፣ አራት ከሁለቱም ያልሆኑ። የእኛም ኮሚሽን 14 አባላት አሉት። በሰው እጥረት ምክንያት አንድ ወንድማችን በ14 አካውንት ያገለግላል። እስከ ዛሬ ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎ አያውቅም፤ የሐሳብ ልዩነትም አልታየም።

አንቀጽ 7። ስለ መዛወር
በእውነተኛው ዓለም ድንበሩ በሰው ጣራ ላይ ሲያልፍ ሰውየው ጎጆውን ነቅሎ አይከተለውም። ሥራ አለ፣ የቤት ዕዳ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። የካርታ ሠሪ ጥበብ ሁሉ የቆመው በዚህ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ነዋሪነት አንድ ጠቅታ ብቻ በመሆኑ፣ ካርታው ገና በረቂቅ ሳለ ካጨቅንበት ክልል ሦስት ሰዎች ሌሊት ተነሥተው ወደ ጎረቤት ክልል መግባታቸው ተደርሶበታል። ስድስት ለአራት የነበረው ስድስት ለሰባት ሆኖ አደረ። ይህ የመራጭ ብልግና ነው። መራጭ የተቀመጠበት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ማን ማንን እንደሚመርጥ እንዴት አስቀድሞ ይታወቃል?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ መዛወር ተከልክሏል። በጤና ምክንያት የሚዛወር የገዢው ፓርቲ አባልን አይመለከትም።

አንቀጽ 8። ስለ ይግባኝ
የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ለፓርቲ ጥቅም ሲባል በታጠፈ ካርታ ላይ የሚቀርብ ክስ ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሆን አይደለም ብሏል። እነዚያ ያልነኩትን የእኛ ብቸኛ ዳኛ፣ ያውም ሰኞ የሂሳብ ፈተና ያለበት፣ እንዲነካ መጠበቅ ግፍ ነው። አቤቱታ ያለው ከፈተናው በኋላ ያቅርብ። ምርጫው እሑድ ነው።

አንቀጽ 9። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ አብዛኞቹ ተቃዋሚዎች በሚኖሩበት አገር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሰዓቱን የመረጠው ገለልተኛው ኮሚሽን ነው።

የካርታ ሥራ ሚኒስትር
የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ
የ3ኛው ምርጫ ክልል ዕጩ
(ለሦስቱም አንድ ፊርማ ይበቃል)